ስም የሌለው ገጽ፦ የፊልም ድርሰት ውድድርና የጀማሪ ደራሲ ዕጣ

መግቢያ

ሥነ ጽሑፍ የምናስተምር ሰዎች ከተማሪዎቻችን በተደጋጋሚ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ። ጥያቄው «እንዴት ልጻፍ?» የሚለው አይደለም፤ ለዚያ ቢያንስ የምንለው አናጣም። አስቸጋሪው «ከጻፍኩ በኋላ ማን ያነብልኛል?» የሚለው ነው። ግጥም የጻፈ ሰው ለጓደኞቹ ያነባል። አጭር ልቦለድ የጻፈ ለመጽሔትና ለጋዜጣ ይልካል። ረጅም ልቦለድ የጻፈም ተበድሮም ቢሆን ያሳትማል፤ ከታተመ በኋላ መጽሐፉ የራሱን አንባቢ ይፈልጋል። የፊልም ድርሰት የጻፈ ግን እንዲህ ያለ መንገድ የለውም። ድርሰቱ በመጽሐፍ መደብር አይሸጥም፤ ኃያሲም አይጽፍበትም። የሚያነበው ቢገኝ ገንዘብ ወይም ካሜራ ያለው ሰው ነው። እሱም የሚያነበው «ያዋጣኛል ወይ?» እያለ እንጂ «ድርሰቱ እንዴት ነው?» እያለ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የፊልም ድርሰት ውድድር ይህን ክፍተት በምን መልክ እንደሚሞላና ለጀማሪ ደራሲ የሙያውን በር እንዴት እንደሚከፍት መመርመር ነው። ለምርመራው የመረጥኩት በአሜሪካ የሚካሄደውን የኒኮል ውድድርና በእሱ አሸንፈው ወደ ፊልም የተለወጡ ሁለት ድርሰቶችን ነው። ሁለቱን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ፤ በውድድር ያሸነፉት እነዚህ ድርሰቶች ራሳቸውም ስለ ውድድር የሚተርኩ ናቸው። ስለዚህ ስለ ውድድሩ ምንነት ከአዘጋጆቹ መግለጫ ይልቅ እነሱ የሚነግሩን የበለጠ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው። ውድድር ደራሲን የሚያስነሳው በገንዘቡና በዝናው ሳይሆን፣ የማይታወቅን ሰው ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ እንዲነበብ በማድረጉ ነው። ይህ ከጎደለ የሚቀረው ጭብጨባ ብቻ ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብለው ካልተለዩ በቀር የምጠቅሳቸው ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልኝ እሻለሁ።

1. ሽልማትና ውድድር

በእኛ ዘንድ ሽልማትና ውድድር እንደ አንድ ነገር ሲታዩ ይስተዋላል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። ሽልማት ያለቀን ሥራ፣ ብዙውን ጊዜም ስሙ የታወቀን ሰው ይመለከታል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1966 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲቀበል በዕድሜው ወጣት ቢሆንም ተውኔቶቹ በመድረክ ታይተውለት ነበር። ኃይሌ ገሪማ በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል «ጤዛ» ለተባለው ፊልሙ የምርጥ የፊልም ድርሰት ሽልማት ሲሰጠው፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘው ፊልሙ ለሕዝብ ከታየ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች አንዱ በሆነው በ«ጉማ» ስም የተሰየመው የጉማ ሽልማትም የፊልም ድርሰትን ከሚሸልምባቸው ዘርፎች አንዱ ቢያደርግም፣ የሚመዝነው ተቀርጾ ለሕዝብ የቀረበውን ፊልም ነው። በእነዚህ ሁሉ ዳኛው የሚያየው ጽሑፉን ለብቻው አይደለም። ተዋናዩ፣ አዘጋጁ፣ ካሜራው፣ ሙዚቃው አብረው ይመዘናሉ። ደካማ ድርሰት በጥሩ ተዋናይ ሊድን፣ ጥሩ ድርሰትም በመጥፎ ቀረጻ ሊሞት ይችላል።

ውድድር በአንጻሩ ገና ያልሆነን ነገር ይመለከታል። የሚቀርብለት ወረቀት ብቻ ነው። ዳኛው ከወረቀቱ ላይ የሚያነበውን በዓይነ ኅሊናው ማየት አለበት። ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። በጥንቷ አቴና በዲዮኒሶስ በዓል ተውኔቱን ለማሳየት የሚፈልግ ጸሐፌ ተውኔት በመጀመሪያ ለከተማዋ ሹም ቀርቦ ኮረስ የሚባለው የመዘምራን ቡድን እንዲፈቀድለት ይጠይቅ ነበር። ኮረስ የተፈቀደለት ሰው ወጪው ይሸፈንለታል፤ ያልተፈቀደለት ተውኔቱን ይዞ ይመለሳል። እንግዲህ በመድረክ ላይ ከሚደረገው ፉክክር በፊት ሌላ ማጣሪያ ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያው ሚዛን ገና ያልታየን ተውኔት ይመዝናል፤ ሁለተኛው የታየውን።

በእኛም የቅኔ ቤት ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ልማድ አለ። ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ በጉባኤ ፊት ከማቅረቡ በፊት ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ቤቱ የጎደለውን፣ ሰሙ ከወርቁ ያልተስማማውን እየለየ ያርምለታል። ተማሪው ከመምህሩ ዘንድ ይዞ የሚመለሰው ገንዘብ ወይም ምስክር ወረቀት ሳይሆን የታረመ ጆሮ ነው። ይህን ልማድ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

2. የኒኮል ውድድር አሠራር

የኒኮል ውድድር የሚካሄደው ኦስካርን በሚሰጠው በአሜሪካ የፊልም ጥበብና ሳይንስ አካዳሚ ነው። የተቋቋመው ጂ ኒኮል የተባሉ ሴት በቴሌቪዥን ኮሜዲ ደራሲነትና አዘጋጅነት ይታወቅ ለነበረው ለሟች ባለቤታቸው ለዶን ኒኮል መታሰቢያ ይሆን ዘንድ በለገሱት ገንዘብ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ አሸናፊዎች የተመረጡት በ1986 ነው። በየዓመቱ ከአምስት ለማይበልጡ አሸናፊዎች የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣል፤ መጠኑ በጊዜ ብዛት እያደገ ለአንድ ሰው 35,000 ዶላር ደርሷል።

ከገንዘቡ ይልቅ ትኩረት የሚሹት ሌሎች ደንቦች ናቸው። አንደኛ፣ ውድድሩ የተዘጋጀው ለጀማሪዎች ነው፤ በፊልም ጽሑፍ ከተወሰነ ገንዘብ በላይ ያገኘ ሰው አይገባበትም። ሁለተኛ፣ የደራሲው ስም በድርሰቱ ላይ እንዳይጻፍ ይከለከላል። አንባቢው በፊተኛው ገጽ ላይ የሚያገኘው ርዕሱን ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ አካዳሚው በአሸናፊው ድርሰት ላይ ምንም ዓይነት የባለቤትነት መብት አይወስድም፤ ድርሰቱ የደራሲው እንደሆነ ይቀራል። አራተኛና በእኔ ግምት ዋነኛው፣ አሸናፊው ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አይቀበልም። በዓመቱ ውስጥ ሌላ ሙሉ ርዝመት ያለው አዲስ የፊልም ድርሰት የመጻፍ ግዴታ አለበት፤ ክፍያውም በየጊዜው ተከፋፍሎ ይሰጠዋል። እንግዲህ ተሸላሚው የሚሸለመው ስለ ትናንት ሥራው ቢመስልም፣ በእውነቱ የሚከፈለው ነገ እንዲጽፍ ነው።

የተወዳዳሪው ብዛት ከፍተኛ ነው። ከ7,000 በላይ ድርሰቶች የቀረቡባቸው ዓመታት አሉ። ከእነዚህ አምስት ብቻ ቢመረጡ ዕድሉ ከ1,400 አንድ ያህል ነው። ለረጅም ዓመታት ማንኛውም ሰው የመወዳደሪያ ክፍያ ከፍሎ በቀጥታ መላክ ይችል ነበር። በ2025 ግን አካዳሚው አሠራሩን ለውጦ ድርሰቶች በአጋር ዩኒቨርሲቲዎች፣ በደራስያን ማሠልጠኛ ፕሮግራሞችና «ብላክ ሊስት» በተባለ ድርጅት በኩል ተጣርተው እንዲደርሱት አድርጓል። ለውጡ የአንባቢውን ሸክም እንደሚያቀል ግልጽ ነው። ይሁንና ቀድሞ በአንድ በር ይገባ የነበረው እንግዳ አሁን ከበሩ በፊት ሌላ በር ማለፍ ይኖርበታል።

3. ስለ ውድድር የሚተርኩ ሁለት አሸናፊዎች

ማይክ ሪች በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ የሬዲዮ ዜና ሠራተኛ ነበር። በ1998 «ፋይንዲንግ ፎረስተር» የተሰኘው ድርሰቱ በኒኮል አሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2000 ጋስ ቫን ሳንት አዘጋጅቶት፣ ሾን ኮነሪ የዋናውን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ ለሕዝብ ታየ። ዳግ አቺሰን ደግሞ «አኪላ ኤንድ ዘ ቢ» በተባለው ድርሰቱ በ2000 አሸነፈ። የእሱ ግን ራሱ አዘጋጅቶት ለዕይታ እስኪበቃ እስከ 2006 ስድስት ዓመት ጠብቋል።

በመጀመሪያው ድርሰት ጀማል ዋላስ የተባለ የአሥራ ስድስት ዓመት ጥቁር ልጅ በኒው ዮርክ ብሮንክስ ይኖራል። በቅርጫት ኳስ ችሎታው ይታወቃል፤ በደብተሮቹ ላይ የሚጽፈውን ግን ማንም አያውቅም። አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ተወራርዶ ከቤቱ የማይወጣ የአንድ ሽማግሌ ቤት ውስጥ ይገባል። ደንግጦ ሲሸሽ ቦርሳውን ረስቶ ይሄዳል። ቦርሳው ሲመለስለት ደብተሮቹ በቀይ ቀለም ታርመው ያገኛቸዋል። ሽማግሌው ዊልያም ፎረስተር ነው፤ አንድ ታላቅ ልቦለድ ጽፎ ለአሥርተ ዓመታት ከሰው የተደበቀ ደራሲ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የሁለቱ ግንኙነት የሚጀምረው በንባብ መሆኑ ነው። ፎረስተር ደብተሮቹን ሲያነብ ከልጁ የሚያውቀው የጻፈውን ብቻ ነው። ዕርማቱ ለጽሑፉ የተሰጠ ነው። ድርሰቱ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ይህን ማስቀመጡ የሴራው ሁሉ መሠረት ሆኗል፤ ምክንያቱም በኋላ የሚመጣው ግጭት የዚህ ተቃራኒ ነው። ጀማል ወደ አንድ ስመ ጥር የግል ትምህርት ቤት ገብቶ በጽሑፍ ውድድር ሲካፈል፣ መምህር ክሮፎርድ ጽሑፉን የሚያነበው ስሙን ካየ በኋላ ነው። የብሮንክስ ልጅ፣ ኳስ ተጫዋች፣ ጥቁር። እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ሊጽፍ አይችልም ብሎ ይጠረጥራል። ለጥርጣሬው ማስረጃ የሚሆን ነገርም ያገኛል፤ ልጁ ርዕሱንና የመጀመሪያውን አንቀጽ የወሰደው ፎረስተር ለመለማመጃ ከሰጠው የራሱ የታተመ ጽሑፍ ነውና። ጀማል ከፎረስተር ቤት ጽሑፍ ላለማውጣት ቃል ገብቶ ስለነበር ጥፋት የለበትም አይባልም። ደራሲው ልጁን ንጹሕ አለማድረጉ ለድርሰቱ ጥንካሬ ሰጥቶታል።

የድርሰቱ ጡዘት በውድድሩ አዳራሽ ነው። ፎረስተር ከቤቱ ወጥቶ ይመጣል፤ አንድ ጽሑፍም ያነባል። አዳራሹ በሙሉ ጽሑፉ የታላቁ ደራሲ መስሎት ይመሰጣል፤ ክሮፎርድም ያደንቃል። ከዚያ በኋላ ነው ፎረስተር ጽሑፉ የጀማል መሆኑን የሚናገረው። ይህን ትዕይንት ብዙዎች የጓደኝነት ድል አድርገው ይወስዱታል። እኔ ግን ከዚህም ሌላ ነገር አነብበታለሁ። ደራሲው በዚህ ትዕይንት ራሱ የተወዳደረበትን ደንብ ድራማ አድርጎታል። ጽሑፉ ያለ ስም ይነበባል፤ ፍርድ ይሰጣል፤ ስሙ የሚገለጠው ከፍርዱ በኋላ ነው። አዳራሹ ስሙን አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ክሮፎርድ ያደረገውን ባደረገ ነበር። አንድ የማይታወቅ የሬዲዮ ዜና ሠራተኛ ስሙን ከፊተኛው ገጽ ላይ አውልቆ በላከው ድርሰት ውስጥ ይህ ትዕይንት መኖሩ በአጋጣሚ ነው ለማለት እቸገራለሁ።

ሁለተኛው ድርሰት ስለ ፊደል አጻጻፍ ውድድር ነው። አኪላ በሎስ አንጀለስ ደቡባዊ ክፍል የምትኖር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ቃላትን በትክክል የመጻፍ ተሰጥዎ አላት፤ በትምህርት ቤቷ ግን ጎበዝ መባል የሚያሳፍር ነገር ነው። ልጁን በሞት ያጣው ዶክተር ላራቢ ያስተምራታል፤ ቃላቱን በባዶው ከማሸምደድ ይልቅ ታላላቅ ጽሑፎችን እንድታነብ ያደርጋታል። ቃሉ ከዐረፍተ ነገር፣ ዐረፍተ ነገሩ ከሐሳብ እንደሚወለድ ታያለች። አቺሰን ለፊልም እጅግ የማይመች የሚመስለውን ጉዳይ፣ አንዲት ልጅ ቆማ ፊደል ስትቆጥር፣ ወደሚታይ ድርጊት የለወጠበት መንገድ ሊጠና ይገባዋል። አኪላ ፊደላቱን የምታስታውሰው ገመድ በመዝለል ምት ነው። የማይታየው የአእምሮ ሥራ በእግር ምት ይታያል፤ ውድድሩ መድረክ ላይ ስትጨነቅም እጇ ጭኗን ሲመታ ተመልካቹ ምን እየሆነ እንዳለ ያውቃል። በወረቀት ላይ አንድ መስመር የሚፈጀው ይህ ዘዴ የፊልም ድርሰት ከልቦለድ የሚለይበትን ነጥብ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ በተሻለ ያስረዳል።

ላራቢ በሐዘኑ ምክንያት ትምህርቱን ሲያቋርጥ ልጅቷ ብቻዋን አትቀርም። ሰፈሩ በሙሉ፣ እናቷ፣ ባለሱቁ፣ ፖስተኛው፣ የመንገድ ዳር ጎረምሶች ሳይቀሩ አስጠኚዋ ይሆናሉ። በመጨረሻም አኪላ ተወዳዳሪዋ ዲላን በአባቱ ጫና መሰቃየቱን ስታይ ሆን ብላ ትሳሳታለች። እሱ ግን የተሰጠውን ድል አልቀበልም ብሎ ራሱም ይሳሳታል፤ ከዚያም ሁለቱ ቃላቱን አብረው ጨርሰው አብረው ያሸንፋሉ። ስለ ውድድር የተጻፈ ድርሰት ፍጻሜው የአንዱ በአንዱ ላይ መብለጥ አለመሆኑ ትርጉም አለው። የሪችም ድርሰት እንዲሁ ነው፤ ማን አንደኛ ወጣ የሚለው ጥያቄ ከአዳራሹ ስንወጣ ተረስቷል። በሁለቱም ዘንድ ውድድሩ ሰበብ ነው። ፍሬው ልጁን ወይም ልጅቷን ከልቡ ያነበበ፣ ያዳመጠ ሰው መገኘቱ ነው።

ሁለቱን ድርሰቶች ስናወዳድር ጉድለታቸውም አብሮ ይታያል። በሁለቱም የድሃ ሰፈር ልጅ፣ ቤቱን የዘጋ ብቸኛ ሊቅ፣ በሕዝብ ፊት የሚደረግ ፍጻሜ አለ። የመካሪና የተመካሪ ሴራ ለአንባቢ ቶሎ የሚጨበጥ ነው። የብሮንክሱ ልጅ እናትና ወንድም በትረካው ውስጥ ያላቸው ቦታ ጠባብ ነው፤ የአቺሰን ድርሰት ሰፈሩን በማስገባቱ ከዚህ ጉድለት በከፊል ድኗል። ብዙ ሺህ ድርሰቶች መካከል ተለይቶ መታየት የሚፈልግ ጽሑፍ የታወቀ ቅርጽ ይዞ መቅረቡ የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን የውድድሩ ሚዛን በጽሑፉ ላይ የሚተወው አሻራ መሆኑን መካድ አይቻልም።

4. ከድሉ በኋላ

ተማሪዎቻችን «ያሸነፈ ሰው ምን ያገኛል?» ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ሱዛና ግራንት በ1992 አሸነፈች፤ በ2000 ለታየው «ኤሪን ብሮኮቪች» በጻፈችው ድርሰት ለኦስካር ታጨች። ኤረን ክሩገር በ1996 ያሸነፈበት «አርሊንግተን ሮድ» በ1999 ፊልም ሆነ፤ ከዚያ በኋላ በትላልቅ የንግድ ፊልሞች ደራሲነት ቀጠለ። ጄፍሪ ዩጂኒደስ በ1986 ከመጀመሪያዎቹ አሸናፊዎች አንዱ ነበር፤ ስሙን ያስጠራው ግን ፊልም ሳይሆን ልቦለድ ነው፤ በ2003 የፑሊትዘርን ሽልማት አግኝቷል። ማይክ ሪችም ከመጀመሪያ ድርሰቱ በኋላ «ዘ ሩኪ»ን በ2002፣ «ሬዲዮ»ን በ2003 ለዕይታ አብቅቷል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች አንድ ነገር ይወጣል። ያሸነፈው ድርሰት የግድ ፊልም አይሆንም፤ ቢሆንም ዓመታት ይፈጃል። አሸናፊ ከሆኑት ውስጥ ድርሰታቸው ሳይቀረጽ የቀረ ብዙዎች ናቸው። ውድድሩ በቀጥታ የሚሰጠው አንባቢ ነው። የመጨረሻ ዙር የደረሱት ዝርዝር ሲወጣ የደራስያን ወኪሎችና ፊልም ሠሪዎች ድርሰቱን ይጠይቃሉ። አንብበው ባይገዙት እንኳ ጸሐፊውን ያውቁታል፤ ሌላ ሥራ ሊያሠሩት ይጠሩታል። የመጀመሪያው ድርሰት እንደ ናሙና ያገለግላል ማለት ነው። ናሙና ይዞ የሄደ ሰው «ሌላስ ምን አለህ?» መባሉ አይቀርም። እዚህ ላይ ነው በዓመቱ ውስጥ ሁለተኛ ድርሰት የመጻፉ ግዴታ ጥበብ የሚታየው። ሁለተኛ ሥራ የሌለው አሸናፊ በሩ ሲከፈትለት ባዶ እጁን ይቆማል።

5. የሚዛኑ ጉድለትና የእኔ ጥፋት

ውድድርን ማሞገስ ብቻውን ኂስ አይሆንም። በ431 ዓመተ ዓለም ዩሪፒዲስ «ሜዲያ»ን ባቀረበበት ፉክክር ከሦስቱ ተወዳዳሪዎች መጨረሻ ወጥቷል። ያን ቀን የበለጡት ተውኔቶች ጠፍተዋል፤ «ሜዲያ» ዛሬም ትታያለች። ዳኞች የዘመናቸው ሰዎች ናቸው። በዛሬው የፊልም ድርሰት ውድድርም አንባቢው የሚደክም ሰው ነው። አንድ ገጽ በፊልም አንድ ደቂቃ ያህል ይሆናል ተብሎ ስለሚታሰብ አንድ ሙሉ ድርሰት መቶ ገጽ አካባቢ ነው። ይህን የመሰለ ክምር የተቆለለበት አንባቢ በመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች ውስጥ ካልተያዘ የተቀረውን በጥርጣሬ ያነባል። ጸሐፊዎችም ይህን ስለሚያውቁ አሥሩን ገጽ ያሽሞነሙናሉ። በዚህ ምክንያት ቀስ ብሎ የሚገለጥ ድርሰት ይጎዳል። ከዚህ ሌላ ብዙ ውድድሮች ከተወዳዳሪ ክፍያ ይሰበስባሉ፤ አንዳንዶቹ ከገንዘቡ በስተቀር ለጸሐፊው የሚሰጡት አንባቢም፣ አስተያየትም የላቸውም። እንዲህ ባለው ውድድር ማሸነፍ እንኳ የትም አያደርስም።

ስለ ደካማ ሚዛን ስናገር የራሴን ልደብቅ አልችልም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የአማርኛ የፊልም ድርሰት ውድድር ዳኛ እንድሆን ተጋብዤ ነበር። ሠላሳ ያህል ድርሰቶች በሦስት ሳምንት ውስጥ እንዳነብ ተሰጡኝ። በእያንዳንዱ የፊት ገጽ ላይ ስም፣ አድራሻና የሥራ ቦታ ተጽፏል። አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ ነበር። ድርሰቱ አዝጋሚ ቢሆንም «ይህ ልጅ የሚያደርገውን ያውቃል» ብዬ በትዕግሥት እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ መልካም ነጥብም ሰጠሁት።

ሌላው ስሙን ከማላውቀው፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ ከሚኖር ሰው የመጣ ነው። በእጅ ተጽፎ ፎቶ ኮፒ የተደረገ። ድርሰቱ የሚጀምረው ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። ሴቶች ወረፋ ይዘዋል፤ ወፍጮው ይጮኻል፤ ማንም ማንንም አይሰማም። ለአምስት ገጽ ያህል ከንፈር ሲንቀሳቀስ እንጂ አንድ ቃለ ተውኔት የለም። ስድስተኛው ገጽ ላይ «ድርጊት ይጎድለዋል» ብዬ ጻፍኩና አስቀመጥኩት።

ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ድርሰቶቹን ለመመለስ ስሰበስብ ያ ወረቀት እጄ ገባና ካቆምኩበት ቀጠልኩ። በሰባተኛው ገጽ ላይ ወፍጮው በድንገት ይቆማል። በወደቀው ጸጥታ ውስጥ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ በጆሮዋ እየጮኸች ስትነግራት የነበረው ምሥጢር ለወረፋው ሁሉ ይሰማል። የድርሰቱ ሴራ ከዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ይፈልቃል። ያ አምስት ገጽ ጩኸት ባይኖር ጸጥታው ጸጥታ ባልሆነ ነበር። ጸሐፊው ድምፅን ለፊልም እንዴት እንደሚጠቀምበት ያውቅ ነበር፤ እኔ ነበርኩ ማንበብ ያላወቅሁት። በፊት ገጹ ላይ ወደተጻፈው ስልክ ደጋግሜ ደወልኩ፤ አይሠራም። በአድራሻው ደብዳቤ ላክሁ፤ መልስ አልመጣም። ዛሬም ይጽፍ እንደሆነ አላውቅም።

«ፋይንዲንግ ፎረስተር»ን እንደገና ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው። ቀድሞ ፊልሙን ሳይ ራሴን በፎረስተር ቦታ አስቀምጥ ነበር፤ መምህር ሁሉ እንዲህ ሳያደርግ አይቀርም። በሁለተኛው ጊዜ ግን የተቀመጥኩበት ወንበር የክሮፎርድ ሆኖ አገኘሁት። ለቀድሞ ተማሪዬ የሰጠሁት ትዕግሥት ለስሙ የተሰጠ ነበር። ለወፍጮ ቤቱ ጸሐፊ የነፈግሁትም እንዲሁ ከስሙ የተነሣ ነበር። ሁለቱም ገጾች ያለ ስም ቢመጡልኝ ኖሮ የተሻለ አንባቢ እሆን ነበር ብዬ ልማል አልችልም። ቢያንስ ግን ሁለቱን እኩል በደልኳቸው ወይም እኩል ታገሥኳቸው ማለት እችል ነበር።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ትንተና በመነሣት ሦስት ነጥቦችን ማስቀመጥ ይቻላል። የመጀመሪያው የስም ጉዳይ ነው። በእኛ አገር የሚያነብና የሚጽፍ ማኅበረሰብ ጠባብ ነው፤ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ስምን ከገጽ ላይ ማንሣት በሰፊ አገር መልካም ልማድ ከሆነ በእኛ ዘንድ የግድ ነው። ወጪውም ከአንድ ቁጥርና ከአንድ የተዘጋ ፖስታ አይበልጥም።

ሁለተኛው የአስተያየት ጉዳይ ነው። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ዘንድ ሳይታረም አይመለስም። የፊልም ድርሰት የሚልክ ሰው ግን «አላለፍክም» የሚል ዝምታ ብቻ ነው የሚደርሰው። ሁሉንም ማሸነፍ አይቻልም፤ ሁሉንም ማንበብና ለእያንዳንዱ ግማሽ ገጽ መጻፍ ግን ይቻላል። ያ ግማሽ ገጽ ዳኛውንም ያስገድደዋል። «ድርጊት ይጎድለዋል» ብዬ ለጸሐፊው ልላክ ቢባል ኖሮ ሰባተኛውን ገጽ ሳልገልጥ አልልክም ነበር።

ሦስተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። አንድ ጊዜ ሸልሞ ፎቶግራፍ አንሥቶ ከመሸኘት፣ ትንሽም ቢሆን ሁለተኛውን ድርሰት እንዲጽፍ የሚያስችል ድጋፍ በየጊዜው መስጠት ደራሲን ያቆያል።

የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ተውኔትን በመድረክ ብቻ ሳይሆን በገጽ ላይ ማንበብ ከጀመርን ቆይተናል። የፊልም ድርሰትን ግን አሁንም ፊልሙ እስኪሠራ እንጠብቃለን፤ ሲሠራም ስለ ፊልሙ እንጂ ስለ ድርሰቱ አንጽፍም። ኂስ ያልደረሰበት የጽሑፍ ዓይነት ሠልጥኖ ማንበብ የሚችል ዳኛ አያገኝም። እኔ በዚያ ውድድር ላይ የወደቅሁት ሰነፍ ስለነበርኩ ብቻ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ልቦለድና ተውኔት ሳስተምር አንድ የፊልም ድርሰት ከተማሪዎቼ ጋር ገጽ በገጽ አንብቤ ስለማላውቅም ጭምር ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር ትምህርቴን የምጀምረው በአንድ ድርሰት የመጀመሪያ ሰባት ገጾች ነው። ስም አይኖርባቸውም።